ለ14 ዓመቱ ራሳችሁ ምን ትነግሩት ነበር? (ጣና ዳር ለሚያድጉ ልጆች)

ደንገል፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እዚህ ባሕር ዳር የ8ኛ ክፍል ልጆች ክበብ አግዛለሁ። ልጆቹ ፊት የሚነበብ ደብዳቤ እያዘጋጀን ነው፤ ርዕሱ «ለ14 ዓመቱ ራሴ» ነው። እስካሁን ከሰው የሰበሰብኩት ምክር «በርታ»፣ «ከክፉ ጓደኛ ራቅ»፣ «ታላቅህን አክብር» የሚል ነው። ውሸት የለበትም። ነገር ግን ልጁ ይህን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ምን ያድርግበት?

የምለምናችሁ ታሪካችሁን ሳይሆን በሙያችሁ የምታውቁትን ነው። ስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ፣ በምን መጠን፣ የቱ ጋ ይበላሻል፣ ለምን ይበላሻል። አብዛኞቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ውሏቸው ሐይቁ ዳር ስለሆነ ጣናን የሚመለከት ነገር አስቀድሙልኝ። ወንዶችም ሴቶችም አሉ፤ የሚያፍሩበትንም ነገር አትዝለሉብኝ።

ቄጠማ፦

ደንገል እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ጤና ላይ ነው የምሠራው፤ ከሐይቁ ልጀምር።

ጣና ዳር ለሚያድግ ልጅ መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ቢልሃርዝያ መሆን አለበት። ልጆች «እሱ የቆሻሻ ውኃ በሽታ ነው፤ እኛ የምንዋኝበት ጥርት ያለ ነው» ይላሉ። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል እጭ (ገና ያላደገው ትል) በዓይን አይታይም፤ ጥርት ባለ ውኃ ውስጥም ይኖራል። መንገዱ እንዲህ ነው፦ በበሽታው የተያዘ ሰው ዳርቻው ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ሣርና ቅጠል ላይ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ ከእሷ ሲወጣ የሰው ቆዳ ይፈልጋል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ደህናውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ውኃውን መዋጥም አይጠበቅበትም። እግር መታጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ዓሣ ለማጥመድ እስከ ጉልበት መግባት ይበቃዋል።

እጩ ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ገደማ። ልጆቹ የሚዋኙት ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። ሣር የበዛበት፣ የረጋ፣ ጥልቀት የሌለው ጥግ ይብሳል። ማልዶ መግባት አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ይህን ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው።

ቀድቶ ቤት መታጠብ ግን ይቻላል። በተከደነ በርሜል 2 ሙሉ ቀን የቆየ ውኃ ውስጥ እጩ በሕይወት አይቆይም። መቆየት ካልተቻለ 1 ደቂቃ ማፍላት ነው። ሲቀዳ ቀንድ አውጣ አብሮ እንዳይገባ በጨርቅ ይጠለል፤ አለበለዚያ በርሜሉ ውስጥ ሆና አዲስ እጭ ትለቃለች፣ የ2 ቀኑ ጥበቃም ከንቱ ይሆናል።

ገብቶ የወጣ ልጅስ? በጥቂት ቀን ውስጥ ቆዳው ሊያሳክከው ይችላል። በ1 ወይም በ2 ወር ትኩሳት፣ ሳልና የሆድ ቁርጠት ሊመጣ ይችላል። ብዙው ልጅ ግን ምንም አይሰማውም። ቆይቶ የሚታየው ድካም፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የደም ማነስ፣ ከእኩዮቹ በቁመት መቅረት ነው። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ እባካችሁ ይህንን ለመምህራኑም ንገሩ።

ምርመራው የሰገራ ነው፤ ከመጨረሻው ዋና በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ። በሳምንቱ ቢሄድ ትሉ ገና እንቁላል መጣል ስላልጀመረ «የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊግራም ይሰላል። 45 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1800 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 600ውን 3 ፍሬ ይደርሰዋል። አስልቶ የሚሰጠው ባለሙያ ነው፤ ልጁ ማወቅ ያለበት ምግብ በልቶ መሄድ እንዳለበት ነው። ቁርስ ሳይበላ የወሰደ ያቅለሸልሸዋል፣ ያዞረዋል፤ በሚቀጥለው መድኃኒቱን የማደል ዘመቻ ከትምህርት ቤት ይቀራል። መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ሰሞኑን የገባውን አያገኘውም። ታክሞ ተመልሶ የገባ ደግሞ እንደ አዲስ ይያዛል።

አሁን ወንዶቹ የሚያፍሩበት። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ከ12 እስከ 15 ባለው ዕድሜ የወንድ ልጅ ጡት ሥር ጠንከር ያለ፣ ሲነካ የሚያም እብጠት ሊወጣ ይችላል። ግማሽ ያህሉ ወንዶች ላይ ይታያል፤ ከሆርሞን ለውጥ የሚመጣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ውስጥ ራሱ ይጠፋል። መጭመቅም ማሰርም አያስፈልግም። ሁለተኛው ግን ጊዜ የማይሰጥ ነው፦ ድንገት የመጣ ከባድ የብልት ፍሬ ሕመም። ፍሬው ተጠምዝዞ የደም ሥሩን ሲያንቅ የሚመጣ ነው። ሆድ ላይ ሊሰማ ይችላል፣ ያስመልሳል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ካለፈ ፍሬውን የማጣቱ ዕድል በየሰዓቱ ይጨምራል። ልጁ አፍሮ «ሆዴን ነው» ይልና ማታውን ሙሉ ያድራል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጤና ጣቢያ ተራ ሳይጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል፣ እንደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን መሄድ ነው። ለእናቱ መናገር ከከበደው «አባዬ፣ እታች አሞኛል፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይያዘው።

እንቅልፍ፦ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ማታ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት፣ 3 ቢሆን ይሻላል። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ በተፈጥሮው ዘግይቶ ስለሚመጣ ልጁ «አልመጣልኝም» ሲል አይዋሽም፤ ስልኩን ሌላ ክፍል ማሳደር ግን ይረዳዋል።

ሰባታሚት፦

ቄጠማ ያለው ልክ ነው። ታዲያ ልጆቹን ከነጭራሹ ከሐይቁ መከልከል አይሻልም?

ታንኳ ቀዛፊ፦

ወንድሜ ሰባታሚት፣ ጣና ዳር ያለ ልጅ ቢከለከልም ተደብቆ ይገባል። ተደብቆ የገባ ደግሞ ሰው በሌለበት ነው የሚሰምጠው። ስለዚህ የመስመጡን ነገር እኔ ልናገር።

ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሰውን የሚያሞኘው ይኸው ነው። ዳርቻው ላይ እየተራመዱ ደረት ድረስ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ጭቃው እግር ይይዛል ወይም ጉድጓድ ይመጣል። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። ጠዋት እንደ መስታወት የተኛ ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ይገለበጣል። ደሴት የሚሄዱ ጀልባዎች ጠዋት መውጣት የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሸምበቆ መሰል ከሆነው የደንገል ተክል በተሠራ ታንኳ ራቅ ብሎ የሄደ ልጅ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ዳር መድረስ አለበት። የቆየ ታንኳ ደንገሉ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ተነስቶ ሳይደርቅ በየቀኑ ከተጫነ ጎኑ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ከመግፋታችሁ በፊት ጠርዙ ከውኃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ እዩ።

አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ ወደ ጨራጨራ ግድብ አካባቢ፣ ፈጽሞ አይዋኝም። ውኃው ላዩ ዝም ይላል፤ ታቹ ይስባል። ጉማሬም አለ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው መንገድ የዘጋበት ይመስለዋል። ማታ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዳርቻው ላይ በሣር ውስጥ አቋራጭ አይኬድም።

የሚሰምጥ ሰው አይጮህም። አፉ ከውኃ በላይና በታች እየሆነ ስለሆነ ለመጮህ ትንፋሽ የለውም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ክንዶቹ ወደ ጎን ውኃውን ይጫናሉ፣ ደረጃ የሚወጣ ይመስላል። ይህን ሲያዩ ልጆች «እየቀለደ ነው» ይላሉ።

ጓደኛውን ለማውጣት ዘሎ የገባ ልጅ ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ጭንቅላት ይዞ ይጫናልና። የሚያስፈልገው የዘይት ጀሪካን ነው። ባለ 5 ሊትሩን ውሰዱ፣ አንድ ኩባያ ውኃ ጨምሩበት፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ፤ ትንሿ ውኃ ክብደት ስለምትሰጠው ነፋስ ሳይመልሰው ሩቅ ይወረወራል። እጀታው ላይ ከ12 እስከ 15 ሜትር ገመድ እሰሩ፤ በሌላው ጫፍ እጅ የሚያስገባ ቀለበት ይሁን። የሚወረወረው ከሰውዬው ራስ አልፎ ነው፤ ከዚያ ገመዱ ትከሻው ላይ እስኪደርስ ይጎተታል። ወርዋሪው በደረቱ ተኝቶ ወይም ቁጭ ብሎ ይሳብ፤ ቆሞ ከሳበ ራሱ ይወድቃል። 5 ሊትር አየር ሰውን ከውኃ አያወጣም፤ አፍንጫውን ከውኃ በላይ ለማቆየት ግን ይበቃል። ባለ 20 ሊትሩ ባዶ ጀሪካን በጣም ያነሳል፤ ነገር ግን ለመወርወር ያስቸግራል። እሱን ይዞ ለሚዋኝ ነው የሚሆነው።

የወጣው ሰው ካልተነፈሰ በእግሩ አይሰቀልም፣ ሆዱም አይጨመቅም። የሚወጣው የጨጓራ ውኃ ነው፤ ወደ ሳንባ ተመልሶ ይገባል። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ 5 ጊዜ በአፉ ትንፋሽ መስጠት፤ ከዚያ ደረቱ መሐል ላይ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ሰው እስኪደርስ መቀጠል። ክበባችሁ ውስጥ በትራስ ላይ አለማምዷቸው።

ደንገል፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህንንማ ለወላጆችም አነብላቸዋለሁ። ቄጠማ ወንድሜ፣ ልጆቹ «ከውኃ እንደወጣን በፎጣ ከታሸን አይዘንም» ይላሉ። እውነት ነው?

ቄጠማ፦

ድንገት ወድቆ ወዲያው ለወጣ ሰው በፎጣ ጠንክሮ ማሸት ሊረዳ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ለዋኘ ልጅ ግን እጩ ውኃ ውስጥ እያለ ገብቷል። ፎጣውን አምኖ የሚዋኝ እንዳይኖር።

ሰባታሚት፦

ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ከላይ ለሰጣችሁኝ መልስ አመሰግናለሁ፤ ልክ ናችሁ። እኔ ስለ ጥናት ልበል፣ «ጠንክረህ አጥና» የሚለው ምንም ስለማይነግር።

ልጆች የሚያጠኑት ደብተር ከፍተው እያነበቡ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነቡት የሚያውቁት ይመስላቸዋል፤ ያወቁት ገጹን ነው፣ ነገሩን አይደለም። ፈተና ላይ ገጹ የለም። መድኃኒቱ ደብተሩን ዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሱትን መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም መሙላት ነው። ይህ የሚደረገው በተማሩበት ማታ፣ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ ከዚያ በ21ኛው ቀን ነው። አንዱ ዙር ለአንድ የትምህርት ዓይነት 15 ደቂቃ አይሞላም። ልጁ መርሳት ሲጀምር መልሶ ለማስታወስ መታገሉ ነው የሚያጸናው፤ ስለዚህ ሲያቅተው «ሰነፍ ነኝ» እንዳይል አስቀድማችሁ ንገሩት።

ለሂሳብ የስህተት ደብተር ያስፈልጋል። ሦስት ዓምድ፦ ጥያቄው፣ የተሳሳትኩበት ቦታ፣ ትክክሉ። ለምሳሌ 7 − (4 − 3) የሚለውን ብዙ ልጅ 7 − 4 − 3 = 0 ብሎ ይሠራል። ትክክሉ 6 ነው። ሁለተኛው ዓምድ ላይ «ተሳሳትኩ» ተብሎ አይጻፍም፤ «ከቅንፍ ፊት ያለው መቀነስ የ3ን ምልክትም እንደሚለውጥ ረሳሁ» ተብሎ ይጻፋል። በ2 ወር ደብተሩ ሲታይ 50 ስህተት የሚመስለው 4 ወይም 5 ዓይነት ብቻ ሆኖ ይገኛል። እነሱን ማረም ይቻላል።

ሌላው ቋንቋው ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጎበዙ ልጅ እዚያ ላይ ይደናገጣል። ከአሁኑ በቀን 5 ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በ40 ሳምንት 1000 ቃል ይሆናል። መጀመሪያ የሚያዙት የትምህርቱ ስሞች አይደሉም፤ ጥያቄ የሚያዙ ቃላት ናቸው፦ ዲፋይን (ትርጉም ስጥ)፣ ኮምፔር (አወዳድር)፣ ኤክስፕሌይን (አብራራ)። ከሁሉም በላይ ኤክሴፕት እና ኖት። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» ለማለት እነዚህን ሁለቱን ይጠቀማሉ፤ ልጁ ትምህርቱን እያወቀ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መልስ አይቶ ያጠቁራል። ጥያቄው ላይ ሲያያቸው በእርሳስ ይክበባቸው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። በመጀመሪያው ዙር ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በኩረጃና በሽምደዳ ማለፍ ያበቃው ያኔ ነው፤ መሠረቱ የሚጣለው ደግሞ 8ኛ ክፍል ላይ።

ጣናነሽ፦

ለሴቶቹ እኔ ልጻፍ፣ የወር አበባን ማንም ስላላነሳው። ሞዴስ መግዛት የማይችሉ ስላሉ አሰፋፉን እነግራችኋለሁ።

ቆዳ የሚነካው ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ መሐሉ 3 ወይም 4 ድርብ የአሮጌ ፎጣ፣ ከውጭ ውኃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ፤ የተበላሸ ጃንጥላ ጨርቅ ይሆናል። ቁመቱ 24 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 8። ከሁለቱም ጎን መሐል ላይ 7 ሳንቲሜትር የሚረዝም ክንፍ ይቀጠልና የሙታንታው ሥር ላይ ጠቅ በሚል ቁልፍ ይዘጋል። ፎጣውን ከ4 ድርብ በላይ አታድርጉት፤ ወፍራሙ አይደርቅም። ለአንዲት ልጅ 6 ያስፈልጋል።

የሚበላሸው አጠባው ላይ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል። ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያበስለዋል፤ ከዚያ አይለቅም። በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልጆቹ አፍረው ፍራሽ ሥር ይደብቁታል፤ እርጥቡ ይሻግትና ማሳከክና ሽታ ያመጣል። ማፈር ከኖረ ከላዩ ስስ ነጠላ ጣል ማድረግ ይቻላል፤ ፀሐዩ ያልፋል። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ በፀሐይ አይደርቅም፤ በጋለ ካውያ መተኮስ ነው፣ የጃንጥላው ጨርቅ እንዳይቀልጥ በጥጡ በኩል። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ለትምህርት ቤት ሁለት ትርፍና አንድ ፌስታል ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአንዱ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ከ21 እስከ 45 ቀን ቢለያይ አያስደነግጥም። ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ በየ1 ሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ፣ 3 ወር ከተቋረጠ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልመጣ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር መከላከያ የሆነው ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴት ልጆች ይሰጣል፤ ሲጀመር ለ14 ዓመቶቹ ነበር፤ ዕድሜው ሳያልፍ ትጠይቅ። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ይነበብላቸው፦ በሕግ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ቤት ውስጥ ወሬው ሲጀመር፣ ቀን ከመቆረጡ በፊት፣ ለሚታመኑት መምህር ወይም ለቀበሌ ሴቶች ጉዳይ ይነገር። ድግሱ ከተጠመቀ በኋላ ማስቆም በጣም ይከብዳል።

ዘጌ ቡና፦

ስለ ጫት ሳይነገራቸው እንዳይሄዱ። «ለጥናት ነው» ተብሎ ነው የሚጀመረው። ምርቃናው (የጫቱ ንቃት) ላይ ልጁ 5 ሰዓት ሙሉ ያነባል፤ ሌሊቱን አይተኛም። ያነበቡት የሚጸናው በእንቅልፍ ስለሆነ ጠዋት አብዛኛው የለም። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (የአልኮል መጠጥ) ይመጣል፤ አንዱ ሱስ ሁለት የሚሆነው በዚያው ማታ ነው። የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል፣ አጥንቱ በሚረዝምበት ዕድሜ። ግብዣው የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እምቢ ከማለት ከ7 እስከ 10 ሰዓት የተያዘ ነገር ቢኖረው ይቀለዋል፦ ኳስ፣ ማስጠናት፣ የክበብ ሥራ።

የሥራ ነገር ባጭሩ፦ በአዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ደመወዙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ይያዝ። የቴሌብር የምስጢር ቁጥሩን ለአሠሪም፣ ለጓደኛም አይስጥ።

ደንገል፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጀሪካኑን ከልጆቹ ጋር ልንሠራው ነው። ታንኳ ቀዛፊ፣ ምን ዓይነት ገመድ ይሁን?

ታንኳ ቀዛፊ፦

የሚንሳፈፈው ናይለን መሰል የፕላስቲክ ገመድ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው። የቃጫው ውኃ ጠጥቶ ይሰምጣል፣ እግርም ይጠልፋል። ገመዱ አይጠቀለልም፤ ከሥር ጀምሮ በዝርግ ባልዲ ውስጥ እየተጣለ ይደራረባል፣ ሲወረወር ሳይቋጠር እንዲወጣ። ጀሪካኑን በቀይ ቀለም ቀቡት፤ አለበለዚያ በሳምንቱ አንዱ ገመዱን ፈትቶ ውኃ ይቀዳበታል። ቢያንስ 10 ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ይወርውሩት፤ 8 ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ አልፎ ካልወደቀ ውኃውን ትንሽ ጨምሩበት።